ሜዴያ አላበደችም

በጥንታዊ የግሪክ ተውኔት የምናውቃት ሜዴያ ልጆቿን ለምን ገደለች ሲባል ሁለት መልስ ይቀናናል። አንዱ “አብዳ ነው” ይላል። ሌላው “የተበደለች ሴት ናት፣ ምን ታድርግ?” ይላል። እኔ ሁለቱም አይዋጡልኝም። ልጆቿን ከመግደሏ በፊት የተናገረችውን ረጋ ብለን እንስማት።

ሜዴያ የኮልኪስ ንጉሥ ልጅ ናት፤ አገሯ ዛሬ ጆርጂያ የምንለው የጥቁር ባሕር ዳርቻ ነው። ለግሪካዊው ጀግና ለጄሰን ብላ አባቷን ከዳች፣ ወንድሟን ገደለች፣ ተሰደደች። ቆሮንቶስ ላይ ሁለት ወንዶች ልጆች ከወለደችለት በኋላ ጄሰን የንጉሡን የክሬዎንን ልጅ አገባ። ንጉሡም ከነልጆችሽ ከአገሬ ውጪ አላት። የአንድ ቀን ጊዜ ለመነች፤ ሰጣት። ቀኑ ሳይመሽ ሙሽራዋና ንጉሡ በላከችው መርዛም ቀሚስና ዘውድ አለቁ።

ግሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዩሪፒዲስ ተውኔቱን አቴና ላይ ያቀረበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ነው። ከሦስት ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ወጣ። ከዚያ 20 ዓመት ቀደም ብሎ በአቴናው መሪ በፔሪክሊስ ሐሳብ የወጣ ሕግ፣ ዜጋ የሚሆነው አባቱም እናቱም አቴናዊ የሆኑ ሰው ብቻ ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ የባዕድ አገር ሚስት ነገር ለተመልካቹ ተረት አልነበረም። ጄሰን “ከአረመኔ አገር አውጥቼ ሕግና ፍትሕ አሳወቅሁሽ” ይላታል። መሐላውን ያፈረሰው ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ የምንሰማት ቤት ውስጥ ሆና ስትጮህ ነው። ወጥታ ከቆሮንቶስ ሴቶች ፊት ስትቆም ግን ንግግሯ የተለካ ነው። “አንድ ጊዜ ከመውለድ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዤ ብሰለፍ ይሻለኛል” ትላቸዋለች። ይህ የጦረኛ ቋንቋ ነው። ከሞት ይልቅ የምትፈራው ጠላት እንዳይስቅባት ነው። እሷን የምትጫወት ተዋናይት ከዳር እስከ ዳር ከጮኸች ይህ ሁሉ ይጠፋል።

ከዚያ ያ ከባድ ንግግር ይመጣል። የልጆቿን ዓይንና ፈገግታ ታይና ልቧ ይከዳታል። “ይዣቸው እሄዳለሁ” ትላለች። ወዲያው ደግሞ “ጠላቶቼ ይሳቁብኝ?” ትላለች። እንዲህ ስትወላውል ቆይታ፣ የምሠራውን ክፋት አውቃለሁ፣ ግን “ቱሞስ” ከሐሳቤ በረታ ትላለች። ይህን የግሪክ ቃል ቁጣ ብለው የሚተረጉሙት አሉ። በኛ ቋንቋ ግን ከእልህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ንዴት ይበርዳል። እብድ የሚያደርገውን አያውቅም። እልኸኛ ሰው ግን እያወቀ ነው የሚገባበት። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንላለን አይደል? ጉሮሮው የማን እንደሆነ ዋጪው አይጠፋውም።

መጨረሻ ላይ ጄሰን ልጆቹን ሊያድን ይሮጣል። ሜዴያ ግን የልጆቿን ሬሳ ይዛ በአያቷ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ ላይ፣ ከበላዩ ናት። አርስቶትል ይህን አጨራረስ አልወደደውም። እኔ እወደዋለሁ፤ በግሪክ መድረክ ከላይ ሆነው የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ አማልክት ናቸው፤ እዚህ ግን እዚያ ያለችው እናት ናት። ጄሰን ሬሳቸውን ልንካ ብሎ ይለምናል። አትሰጠውም።

“አንቺም እኮ ታዝኛለሽ፤ መከራው የጋራችን ነው” ይላታል።

“አዎ። አንተ ካልሳቅህብኝ ግን ሕመሙን እችለዋለሁ” ትለዋለች።