ተያዥ ያለው እና ምስክር ያለው

አዲስ አበባ ውስጥ ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለንብረት ክፍል በሚወጣ የስራ ማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የታወቀ መስመር አለ፦ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። ተያዡ ደመወዝተኛ ነው። ከመስሪያ ቤቱ ደብዳቤ አጽፎ ያመጣል። ገንዘብ ከጎደለ እሱም ተጠያቂ ነው። ታዲያ ሰው ለማን ተያዥ ይሆናል? ለእህቱ ልጅ፣ ለአብሮ አደጉ፣ ለአገሩ ልጅ። ስለ ልጁ ስራ ምንም ላያውቅ ይችላል። ቤተሰቡን ካወቀ ይበቃል።

ሌላው በእጃችን የምንይዘው የስራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሰሪው ይህን ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። የስራው ዓይነት፣ የአገልግሎቱ ጊዜና የደመወዙ መጠን ይጻፍበታል። ጥሩ መብት ነው። ግን ወረቀቱ አብረውህ የሰሩ ሰዎች ካንተ ምን እንዳገኙ አይናገርም።

እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ስራ ሲያመለክቱ ሁለት ሦስት ሪፈረንስ፣ ማለትም ስለ ስራህ የሚመሰክር ሰው፣ ይጠየቃል። ዘመድ አይቆጠርም። አብሮህ የሰራ ወይም ያሰራህ ሰው መሆን አለበት። ቀጣሪው ስልክ ደውሎ ያናግረዋል።

ለእኔም አንድ ጊዜ ተደውሎልኛል። አብራኝ ትሰራ ስለነበረች የሂሳብ ባለሙያ ነበር። ጠያቂዋ መጀመሪያ የተለመደውን ጠየቀችኝ፤ መቼ አብራችሁ ሰራችሁ፣ ኃላፊነቷ ምን ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «ዕድሉን ብታገኝ እንደገና አብረሃት ትሰራለህ?» አለችኝ። ወዲያው አዎ አልኩ። ያቺ ልጅ ወር ሲዘጋ የባንክ ማስታረቂያው፣ የእኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር የማመሳከሩ ስራ፣ ሁላችንንም እንደሚያስመሽ አይታ፣ በራሷ ጊዜ ኤክሴል ላይ አንድ ፎርም ሰርታ ነበር። ቀመሩን ለራሷ አልደበቀችውም። ለሁላችንም ላከችው፣ ያልገባንንም አጠገባችን ቁጭ ብላ አሳየችን። ከዚያ በኋላ አዲስ ሰው ሲቀጠር መጀመሪያ የሚሰጠው ያ ፎርም ሆነ። እሷ ከለቀቀች በኋላም በስሟ ነበር የምንጠራው።

ባለሙያ ስም የሚያወጣው እንዲህ ይመስለኛል። ዛሬ «ፐርሰናል ብራንድ» ሲባል ብዙ ወጣት የሚመጣለት ጥሩ ፎቶ፣ ረጅም የስራ መጠሪያ እና ሊንክድኢን ላይ የተደረደረ ሰርተፊኬት ነው። ፎቶውም ሰርተፊኬቱም ክፋት የለውም። ግን ቀጣሪ ደውሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሚያስታውሰው የጠቀምከውን ነው።

ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል የሚገኝ ስራ በአብዛኛው ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን ራቅ ካለ ትውውቅ እንደሚመጣ በቁጥር አሳይቷል። ቦስተን አጠገብ ባለች ኒውተን በምትባል ከተማ፣ በሰው በኩል አዲስ ስራ ያገኙ ባለሙያዎችን «ያን ሰው ምን ያህል ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በሳምንት ሁለቴና ከዚያ በላይ እንገናኝ ነበር ያሉት ከመቶ 17 ገደማ ብቻ ናቸው። 56 ያህሉ አልፎ አልፎ፣ 28 ያህሉ ደግሞ በዓመት ቢበዛ አንዴ ነበር የሚያገኙት። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የቅርብ ወዳጄ የሚሰማውን ወሬ እኔም እሰማዋለሁ። አዲስ ወሬ ያለው ራቅ ያለው ሰው ጋ ነው። ያ ሰው ደግሞ በዝምድና ሊያስበኝ አይችልም። ሊያስበኝ የሚችለው አንድ ቀን የረዳሁት ነገር ካለ ነው።

እኛ ጋ ሰው ለሰው ቸር ነው። ለቅሶ ላይ ማን እንደሚቀድመን አላውቅም። እድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ጎረቤት እንጀራውን ይዞ ይመጣል። ሙያ ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ይታጠፋል። «ከነገርኩት ይቀድመኛል» የሚል ስጋት አለ። የስራ ማስታወቂያ አይቶ ለክፍል ጓደኛው የማይናገር ልጅ ጥቂት አይደለም። አልፈርድበትም። ለአንድ ቦታ ያ ሁሉ ሰው በሚሰለፍበት አገር መደበቅ ራስን ማዳን ይመስላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ከገጠር መጥቶ የተመረቀ፣ ከተማ ውስጥ አንድም ተያዥ የሌለው ልጅ ነው። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሲያነብ ውሎ የሚገባው እሱ ነው።

ይህ ልማድ ግን ሊለወጥ እንደሚችል እዚሁ በዓይኔ አይቻለሁ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ስራ የጀመሩ እህቶቻችን ተምረው ነርስ እየሆኑ ነው። የነርስነት ፈቃድ የሚሰጥበትን ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና ያለፈች ልጅ ማስታወሻዋን ለሚቀጥለው ታስተላልፋለች። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ዓይኗ እንቅልፍ እንደያዘው፣ በስልክ ጥያቄ የምታስረዳ አውቃለሁ። የምታስረዳት ደግሞ ዘመዷን አይደለም፣ ፊቷን እንኳ አይታ የማታውቃትን ልጅ ነው። በኋላ ሆስፒታሉ ሰው ሲፈልግ የማን ስም እንደሚነሳ መገመት አያቅትም።

አገር ቤትም አለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሲቪል ኢንጂነር በየሳምንቱ የፌሮና የሲሚንቶ ዋጋ ከየሱቁ ጠይቆ በቴሌግራም ለሙያ ጓደኞቹ ይልካል። ፌሮውን በየዲያሜትሩ ለይቶ፣ ዋጋው ከነቫቱ ይሁን ያለቫት ጽፎ። ጨረታ ለመሙላት ዋጋ የሚያጠና ሁሉ ያን መልዕክት ይጠብቃል። ልጁ ስለ ራሱ አንድም ቀን ለፍፎ አያውቅም። አማካሪ መሐንዲሶችም ተቋራጮችም ግን ያውቁታል፣ ስራም ራሱ ፈልጎት ይመጣል።

ከአገር ቤት በሊንክድኢን ብዙ መልዕክት ይደርሰኛል። አብዛኛው «ሰላም ጋሼ፣ ስራ ካለ አስበኝ» የሚል ነው። ችግሩ ይገባኛል፣ ችላ ማለትም አልወድም። ግን የማላውቀውን ልጅ ለማን ምን ብዬ ልንገርለት? በቅርቡ አንዲት ተመራቂ ከዚህ የተለየ መልዕክት ላከችልኝ። ስለ ሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች አንድ ቦታ የጻፍኩትን አንብባ፣ አገር ቤት አሰራሩ የት ላይ እንደሚለይ በአንድ ገጽ አብራርታ ነበር። ያላወቅኩት ነገር ነበረበት። ምንም አልጠየቀችኝም። ገጹን አዲስ አበባ ለሚሰራ አንድ ኦዲተር ወዳጄ በዚያው ቀን ላክሁለት፤ እሱም ስልክ ቁጥሯን ጠየቀኝ።