የንብ ኮፍያው ፎቶ እና ያልተጠየቀው ዕጩ

የምርጫ ሰሞን ሲመጣ አንድ የቆየ ፎቶ ሳይዞር አይቀርም። ባለፈው ሳምንት እኔ ባለሁበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የተላከው ፎቶ ቢያንስ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ይመስላል፤ አንድ ቀጠን ያለ ጎልማሳ የንብ ምስል ያለበት ነጭ ኮፍያ ደፍቶ፣ በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከተወጠረ ጨርቅ ፊት ቆሞ ፈገግ ብሏል። ከሥሩ «ዛሬ ተቃዋሚ ነኝ ባዩ ትናንት ይኸው!» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። ሰውየው ለሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በአንድ ተፎካካሪ ፓርቲ ስም የቀረበ ዕጩ ነው። ምሽቱን ሙሉ «ካድሬ»፣ «ተላላኪ»፣ «ሆዳም» ሲባል አመሸ። እኔም «ይህ ሰው የሚወዳደረው በየትኛው የምርጫ ክልል ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ስድቡ ቀጠለ እንጂ ለጥያቄዬ መልስ የሰጠኝ አልነበረም።

አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ፤ እኔ ገለልተኛ ታዛቢ አይደለሁም። ባለፈው ምርጫ ብልጽግናን አልመረጥኩም፤ በዚህኛውም አልመርጥም። ፎቶው የተሰራጨበት ዕጩ የቆመለት ወገን ለእኔ የቀረበ ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ሰውየውን ከስድብ ለማዳን ብቻ ሳይሆን፣ የምርጫ ሰሞን ውዝግባችን ሁልጊዜ በተሳሳተው ጉዳይ ላይ እንደሚያርፍ፣ በዚህም የሚጠቀመው በሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ መሆኑን ስለማምን ነው።

እስኪ ከኮፍያው እንጀምር። ምልክቱ ንብ የነበረው ኢሕአዴግ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት ይናገር ነበር። ያን ኮፍያ ያልደፋ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህር ወይም የቀበሌ ተሿሚ በዚያ ዘመን ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ፣ ለሥልጠና ሲጠራ ሄዶ፣ ኮፍያና ቲሸርት ተቀብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሁሉ ካድሬ ከተባለ አገሩ በሙሉ ካድሬ ነበር ማለት ነው። ኮፍያው በእርግጥ ነውር ከሆነ ደግሞ ነውሩ በግለሰብ አይጀምርም። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች ያለ አንድ ተቃዋሚ ጠቅልለው ወሰዱ። በ2012 ዓ.ም. ከሕወሓት በቀር የግንባሩ አባል ድርጅቶችና አጋሮቹ ተዋሕደው ብልጽግና ሲሆኑ፣ በንብ ምልክት የተመረጠው እንደራሴ ወንበሩን ሳይለቅ፣ መራጩንም ሳይጠይቅ የሌላ ፓርቲ አባል ሆኖ ተገኘ። ንብ መርጠን የብልጽግናን ምልክት አምፖልን ተረከብን። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሕገ መንግሥት ትርጉም የምክር ቤቶቹንና የአስፈጻሚውን የሥራ ዘመን አራዘመ። የኮሮና ወረርሽኝ እውነተኛ ምክንያት እንደነበር አልክድም፤ ነገር ግን መራጩ ባልመረጠው ፓርቲ፣ ባልፈቀደው ተጨማሪ ዘመን ሲተዳደር ይህን ያህል ስድብ ያልወረደበትን ጉዳይ ትተን የአንድ ሰው ኮፍያ ላይ ማምሸታችን ይገርመኛል።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበርንም። በ1997 ዓ.ም. የነበረውን የቴሌቪዥን ክርክር ያየ ሰው የምለውን ይረዳኛል። መሬት የማን ይሁን፣ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ምርቱ ሲከሽፍ ምን ይሁን፣ አሰብ እንዴት እጃችን ወጣ፣ አንቀጽ 39 ለምን ያስፈልጋል የሚሉት ጥያቄዎች በየቤቱ፣ በየቡና ቤቱ መነጋገሪያ ሆኑ። ተከራካሪው ትናንት የማን አባል እንደነበር የሚያነሳ አልጠፋም፤ የደርግ ሰው የነበረም፣ የኢሕአፓ ሰው የነበረም በመድረኩ ነበር። ሆኖም ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት የሚሰበሰበው ስለ መሬት የሚባለውን ለመስማት ነበር።

ክርክሩ ለገዥው ፓርቲ እየከበደ ሲሄድ ምን እንደተከተለ ደግሞ መርሳት የለብንም። የኢሕአዴግ መሪዎች ተቃዋሚዎችን በሩዋንዳው የዘር ጭፍጨፋ ከተሳተፈው ከኢንተርሃምዌ ጋር አመሳሰሏቸው። በመሬት ፖሊሲ ላይ የተነሳውን ጥያቄ «ይህን የሚሉት እነማን ናቸው?» በሚል ጥያቄ ተኩት ማለት ነው። ያም ሆኖ መራጩ አልተታለለም። የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ግንቦት 7 ቀን በአዲስ አበባ ለፌዴራሉ ምክር ቤት የነበሩትን 23 መቀመጫዎች በሙሉ፣ በከተማው ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። በሰኔና በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት በጎዳና ላይ የሆነውን አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሲቪሎች እንደተገደሉበት መዝግቦታል። የቃሉንና የጥይቱን ግንኙነት አጋንኜ መናገር አልፈልግም፤ ተፎካካሪን ጨፍጫፊ ብሎ የሰየመ መንግሥት ግን ተኩሱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም ነበር።

የራሳችንን ወገንም አልምርም። ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ በሚለው ላይ ሲከፈል፣ መግባትን የመረጠውን «ከሃዲ»፣ አለመግባትን የመረጠውን «ጽንፈኛ» ያልነው እኛው ነን፤ ካድሬ ያስተማረንን መሣሪያ በገዛ ጓዶቻችን ላይ ተለማመድንበት። ያኔ የተማርነው ነገር ዛሬም አልለቀቀንም። የቴሌግራሙን ፎቶ ያሰራጨው የገዥው ፓርቲ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከእኛው መካከል በዕጩነት ሳይመረጥ የቀረ ሰው ሊሆንም ይችላል። ልምዱ ላለው ሰው ሁለተኛው ይበልጥ ይታመናል።

የተሳሳተ ውዝግብ ገዥውን ይጠቅማል ያልኩበት ምክንያት የምርጫ ሥርዓታችን ነው። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ያሸንፋል። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ከሆነ ከዚህ የበለጠ ዕጩን የሚያስጠይቅ ሥርዓት የለም፤ ሰውየው የዚህ ሰፈር፣ የዚህ ወረዳ ወኪል ነውና። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል፤ ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም። መራጩ አመኔታ ካጣበት እንደሚያነሳውም እዚያው ተጽፏል፤ እኔ በዕድሜዬ ይህ ሥራ ላይ ሲውል አይቼ አላውቅም። በተግባር የምንመርጠው ምልክት ነው። ዕጩው ምልክቱ ጀርባ ይቆማል፣ ምልክቱ ያሸንፋል፣ ሰውየው ፓርላማ ገብቶ አምስት ዓመት እጁን ያወጣል። ለመራጩ ምልክት ከበቃው ደግሞ ከፍተኛ ገንዘብ፣ ብዙ ካድሬና የቀበሌ መዋቅር ያለው ምልክት እንደሚያሸንፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አይጠይቅም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወረፋ ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ዝናቡ እየጣለ እያባራ፣ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በመራዘሙ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን ረዥም ሰዓት ቆየን። ከፊቴ የቆሙትን እናት «ለመሆኑ የሚመርጡት ሰው ማነው እማማ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሰው አይደለም እኮ፤ አምፖሉ ነው» አሉኝ። ከኋላዬ ያለው ወጣት ሳቀባቸው። እርሱስ? የእኔ ወገን ደጋፊ መሆኑን በጆሮዬ አንሾካሽኮ ነግሮኝ ነበርና የዕጩውን ስም ጠየቅኩት፤ የፓርቲውን ሊቀመንበር ስም ጠራልኝ። ሊቀመንበሩ በዚያ ክልል አይወዳደሩም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም የዕጩዬን ስም ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው።

በመጀመሪያው ዙር ውጤታቸው ከታወቀ 436 መቀመጫዎች ብልጽግና 410 ወሰደ። ከተፎካካሪዎቹ ፓርቲዎች ኢዜማ 4፣ አብን 5 አገኙ። ከዚያ በኋላ ስለ ኮሮጆ፣ ስለ ታዛቢዎች መባረር፣ ስለ ዘመቻ ክልከላ ብዙ ተባለ፤ ከተባለው ውስጥ እውነት የሆነ ብዙ አለ። ነገር ግን ከድምፅ መስጫው ሁለት ወር በፊት የተገለጠ፣ ሰፈሩ ስሙን የማያውቀው ዕጩ ኮሮጆው ባይነካስ ምን ያህል ያገኝ ነበር ብለን ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም።

በዚያው ምርጫ በእርግጥ አገር ሊያነጋግር የሚገባው የዕጩዎች ጉዳይ ነበር። የባልደራስ ፓርቲ መሪ አቶ እስክንድር ነጋና ባልደረቦቻቸው እስር ቤት ሆነው ለመወዳደር ጠየቁ። ራሳቸው ከቅንጅት መሪዎች አንዷ ሆነው ታስረው በነበሩት በወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይመራ የነበረው ምርጫ ቦርድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ታትሟል የሚል ምክንያት አቀረበ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ግንቦት ወር ላይ ይመዝገቡ ብሎ ወሰነ፣ ቦርዱም ፈጸመ። ፍርድ ቤት መንግሥት ያሰረውን ሰው ዕጩ ሲያደርግ አየን፤ ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ዕጩዎቹ ግን አንድ ቀን እንኳ ወጥተው መራጩን አላነጋገሩም። ክሱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተቋርጦ በገና ዕለት ተፈቱ። ምርጫውን በእስር አሳልፎ ከምርጫው በኋላ የሚቋረጥ ክስ፣ ከማንኛውም ኮፍያ በላይ ሊያስጠይቅ ይገባ ነበር። ጠያቂዎች ነበሩ፤ ጥቂት።

ከዚያ ደግሞ ካቢኔው መጣ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የኢዜማው መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር፣ ከኦነግ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። «ተሸጡ» ያለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ይህን ቃል አልጠቀምበትም፣ በጦርነት መካከል አብሮ መሥራትን የመረጠ ሰው የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በዚህ ቁጥር የሚጠየቀው ማነው? ለዓመታት ትምህርቱን ያበላሸው ገዥው ፓርቲ ነው እንዳልል ሚኒስትሩ የእኔ ወገን ናቸው፤ ሚኒስትሩ ናቸው እንዳልል መንግሥቱ የብልጽግና ነው። የኢዜማ ዕጩ ለድምፅ በሬን ሲያንኳኳ የማነሳለት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦ መንግሥትን የሚተቸው ከውጭ ሆኖ ነው ወይስ ከውስጥ? «ተቃዋሚ» የሚለው ቃል «ተፎካካሪ» በሚለው ሲተካ ብዙዎቻችን እንደ መሠልጠን ቆጥረነው ነበር። ሚኒስትር ሆኖ የሚፎካከር ፓርቲ ግን ከማን ጋር እንደሚፎካከር እስካሁን አልገባኝም።

የኮፍያውን ሰውዬ በመጨረሻ አገኘሁት። የሚወዳደርበትን የምርጫ ክልል የነገረኝ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስልክ ደወልኩለት፣ በማግሥቱ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ከፎቶው ይልቅ ወፈር ብሏል፣ ጸጉሩም ሸብቷል። ስለ ፎቶው ሊያስረዳኝ ተዘጋጅቶ ነበርና «እሱን ይተዉት» አልኩትና ሦስት ነገር ጠየቅኩት። የመጀመሪያው በዚህ ክልል ለስንት ዓመት እንደኖረ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት አለኝ፣ የሰፈሩን የውኃ ችግርም በየመንደሩ እየለየ አስረዳኝ፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛው ቢመረጥና ፓርቲው የመራጩን ፍላጎት የሚቃረን ውሳኔ ቢያሳልፍ እጁን ለየትኛው እንደሚያወጣ ነበር፤ ጥቂት አስቦ «ለሰፈሩ» አለ፣ ወዲያውም ይህን በጋዜጣ እንዳልጽፍበት ለመነኝ። ስሙን ያልጠቀስኩት ለዚህ ነው። ሦስተኛው ፓርቲው ከምርጫው በኋላ ሹመት ቢቀርብለት ይቀበል እንደሆነ ነበር።

«እሱን እንኳ ፓርቲውን ጠይቄ ብነግርዎት ይሻላል» አለኝ።

እስከ ዛሬ አልደወለም። እኔም ስንለያይ ድምፄ በዚህ መልስ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ነግሬዋለሁ።