የኦክ ግሮቭ ችግር አጭር መሆኑ አይደለም

ሎስ አንጀለስ አካባቢ ዲስክ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ኦክ ግሮቭ ስለሚባለው ሜዳ ሲጠየቅ መጀመሪያ «ታሪካዊ ነው» ይላል። ወዲያው ደግሞ «ግን አጭር ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። አጭርነቱ እውነት ነው። እንደ ጉድለት መቆጠሩ ግን አይዋጥልኝም።

ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ሕጉ የጎልፍ ነው፤ ዱላና ኳስ ግን የለም። ዲስክ፣ ማለት ሳህን የመሰለ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ትወረውራለህ፣ ካረፈበት ቦታ ሆነህ ደግመህ ትወረውራለህ፣ በመጨረሻ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ታስገባለህ። 18ቱንም ቅርጫቶች በትንሽ ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ።

ኦክ ግሮቭ ያለው ፓሳዴና ጥግ፣ ሃሃሞንግና ፓርክ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ማርስ ላይ መኪና የሚነዱት የናሳ ሰዎች መሥሪያ ቤት፣ ጄፒኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሲከፈት በዓለም የመጀመሪያው ቋሚ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ነበር። ያቋቋመው ኤድ ሄድሪክ ይባላል፤ ቀደም ሲል ዋም-ኦ በተባለው የመጫወቻ ኩባንያ ሳለ የዛሬውን ፍሪስቢ (የመጫወቻ ዲስክ) ቅርጽ ያስያዘ ሰው ነው። ያኔ ቅርጫት የለም፤ ዒላማው ምሰሶ ብቻ ነበር። «ነክቷል»፣ «ኧረ አልነካም» ጭቅጭቅ ሆነ። ሄድሪክ ሰንሰለትና ቅርጫት ያመጣው ያንን ለመገላገል ነው፤ የፈጠራ መብቱንም በ1977 አገኘ። (በ2002 ሲሞት በፈቃዱ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ዲስክ ውስጥ ተቀላቅሎ ተሠራ። ለእኛ ሰው ጆሮ ይከብዳል፤ ለጨዋታው የነበረው ፍቅር ግን ከዚህ በላይ አይነገርም።)

ወደ አጭርነቱ እንመለስ። አጭር መሆኑ ለጀማሪና ለቤተሰብ ይመቻል። ከፌርፋክስ፣ ከትንሿ ኢትዮጵያ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በለጥ ቢል ነው። መግቢያ አይከፈልም። አንድ ዲስክ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይገዛል፤ ለጀማሪ አንዱ ይበቃዋል። የአሥር ዓመት ልጅ በሁለት በሦስት ውርወራ ቅርጫቱ አጠገብ ይደርሳል፤ እናቱም አብራ ትጫወታለች፤ ከላይ ደግሞ የኦክ ዛፎቹ ጥላ አለ። በረጅም ሜዳ ቢሆን ልጁ አምስተኛው ቅርጫት ላይ ሰልችቶት ስልክ ይለምናል። ርዝመት ያማረው ጎበዝ ሳንታ ክሩዝ ድረስ ነድቶ ዴላቬጋ የሚባለውን ሜዳ ይሞክር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ መሬቱ። መወርወሪያዎቹ (ውርወራው የሚጀመርባቸው ቦታዎች) እና ቅርጫቶቹ አጠገብ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ሣር የለም፤ አፈሩ ዱቄት ሆኗል። የዛፎቹ ሥር ወጥቶ በጫማ ብዛት እንደ ተወለወለ ጣውላ ያበራል። በመወርወሪያው ፊት ለፊት ያሉት ግንዶች ደረት ከፍታ ላይ ቅርፊታቸው ተፈነካክቷል። የካሊፎርኒያ ኦክ መጋቢ ሥሩ ከመሬት ገጽ ብዙም አይርቅም። አፈሩ ሲጠቀጠቅ አየርና ውሃ ያጣል፤ ዛፉም ቀስ እያለ ይዳከማል። ሜዳውን ሜዳ ያደረጉት እነዚሁ ዛፎች ናቸው። እነሱ ከሄዱ የሚቀረው አቧራና ብረት ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ቅርጫትና መወርወሪያን በየወቅቱ ቦታ መቀየር በብዙ ሜዳዎች የተለመደ ነው፤ የተረገጠው ቦታ ያርፋል። ሥሮቹ ላይ የተከተፈ የእንጨት ፍቅፋቂ ማልበስም ይረዳል።

ሁለተኛው ችግር ሰው ነው። ፓርኩ የሁሉም ነው፤ በእግር የሚሄድ አለ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር አለ፣ ፈረስ የሚጋልብም አለ። የጨዋታ ዲስክ እንደ ባሕር ዳርቻው ፍሪስቢ ለስላሳ አይደለም፤ ጠርዙ ቀጭን ነው፣ ክብደቱም 170 ግራም ገደማ። ተጫዋች «ፎር!» (ተጠንቀቁ!) ብሎ ሲጮህ ነገሩን የማያውቅ ሰው ከመሸሽ ይልቅ ዞር ብሎ ያያል። የልጅ ጋሪ የሚገፋ ሰው መስመር ውስጥ መግባቱን በምን ይወቅ? በተለይ እሑድ፣ አንዱ ቡድን ሌላውን እየጠበቀ ሲቸኩል፣ ያስፈራል። መንገደኛው መስመሩን በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ሁሉ ትልቅ ሥዕላዊ ምልክት ሊቆም ይገባል። ጽሑፍ ባይኖርበትም ይሻላል።

ፖይዝን ኦክ የሚባል የሚያሳክክ ተክል አለና ዲስክ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ዘው አትበሉ።

«ፍቅፋቂውንና ምልክቱን ለማሟላት መግቢያው ይከፈልበት» የሚሉ አይጠፉም። እኔ አልስማማም። ቅዳሜ ጠዋት ተጫዋቾች አካፋና ጋሪ ይዘው ቢወጡ ፍቅፋቂውን ያለብሱታል። ከተማው የሚጠበቅበት ምልክቶቹን ማቆም ነው።