መልሱን ሸምድደን አለፍን

ወገኖቼ፣ የዛሬው ቁጣዬ አሜሪካ መጥታችሁ ቀኝ እጃችሁን አንስታችሁ ሲቲዝን ለሆናችሁት ነው። እኔም ምያለሁ። ስለዚህ ከተገሳጮቹ አንዱ ነኝ።

ፈተናውን ታስታውሱታላችሁ። እኔ ስፈተን የሚጠናው 100 ጥያቄ ነበር። አንዱ «ለእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት ከሆኑት ችግሮች አንዱን ጥቀስ» ይላል። ባርነት ብትሉ፣ ኢኮኖሚ ብትሉ፣ የክፍለ ግዛቶች መብት ብትሉ ያልፋል። ዕቃ እያጠብን፣ ታክሲ ተራ እየጠበቅን ሸመደድን። ፈታኟ ጠየቀች፣ «ባርነት» አልን፣ አለፍን። ማታውኑ ረሳነው።

በቀደም ቡና ላይ ይኸው ነገር ተነሳ። አንድ ወዳጄ «የነሱ ጣጣ ነው፤ እኛ የመጣነው በቦሌ ነው» አለ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው የቆረቆረኝ።

እስቲ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ዱክ ስትሪት ላይ የምትነዱ ልጠይቃችሁ። ቁጥር 1315 ላይ ያለውን የጡብ ቤት ልብ ብላችሁታል? ከ1828 እስከ 1836 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የፍራንክሊንና አርምፊልድ ቢሮ ነበር። ሸቀጣቸው ሰው ነው። ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ይገዛሉ። ከፊሉን በመርከብ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጭናሉ፣ ከፊሉን በእግር እስከ ሚሲሲፒዋ ናቼዝ ይነዳሉ። ወንዶቹ ሁለት ሁለት ሆነው በሰንሰለት ይቆራኛሉ። ኋላም ቤቱ ከአንዱ ባሪያ ነጋዴ ወደ ሌላው ተላለፈ። በጦርነቱ ዘመን የተነሳ ፎቶ አለ፤ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል «ባሪያ ነጋዴዎች» የሚል ተጽፎበታል። ልክ እኛ «ትኩስ እንጀራ አለ» ብለን እንደምንለጥፈው።

ገበያውን ያደራው ጥጥ ነው። በ1860 አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከው ዕቃ ከግማሽ በላዩ ጥጥ ነበር። በባርነት የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ 4 ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ጠቡ የከረረው በምዕራቡ አዲስ መሬት ነው። ባርነት እዚያ ይግባ ወይስ አይግባ? አዲስ ክፍለ ግዛት ማለት ሁለት ሴናተር ማለት ነዋ። በ1820 ባርነት የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን መሬት የሚለይ መስመር ካርታ ላይ አሰመሩ። በ1850 ደግሞ ሌላ ድርድር ተደረገ፤ ያመለጠን ባሪያ የሰሜን ሰው ሳይቀር ይዞ እንዲያስረክብ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። «እኔን አይመለከተኝም» ይል የነበረው የቦስተን ሰው ነገሩ ደጃፉ ድረስ መጣበት። በ1854 የድሮውን መስመር ሰረዙት፣ ካንሳስ ላይ ደም ፈሰሰ። በ1856 የሳውዝ ካሮላይናው እንደራሴ ፕሬስተን ብሩክስ የባርነት ተቃዋሚውን ሴናተር ቻርልስ ሰምነርን በሴኔቱ አዳራሽ፣ እንደተቀመጠ፣ በከዘራ ቀጠቀጠው። ከዘራው ተሰበረ። ለብሩክስ ከደቡብ አዳዲስ ከዘራ በስጦታ ጎረፈለት።

ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከመንግሥቱ ቀድሞ ነው የተሰነጠቀው። ሜቶዲስቶች በ1844 ባሪያ ባላቸው አንድ ጳጳስ ተጣሉ። ባፕቲስቶች በ1845 ተከተሉ። ሁሉም የሚጠቅሰው ከዚያው ከአንዱ መጽሐፍ ነው። ይሄንን ለእኛ ማብራራት አያስፈልግም። የስንት ደብር በር ቁልፍ ሲቀየር አይተናል።

«ኧረ ጦርነቱ ስለ ክፍለ ግዛቶች መብት ነው» የምትሉ የዩቲዩብ ምሁራን፣ እናንተንም አልረሳሁም። ሚሲሲፒ ስትገነጠል ያወጣችውን መግለጫ አንብቡ። አቋማችን ከባርነት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ ነው ትላለች፣ ራሷ። የኮንፌዴሬሽኑ፣ ማለትም የተገነጠሉት የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ያቆሙት መንግሥት፣ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስም በማርች 1861 የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው ብሎ ሳቫና ላይ ተናግሯል። እነሱ ያልደበቁትን እናንተ ምን አስጨነቃችሁ? በወሩ ፎርት ሰምተር በተባለው ምሽግ ላይ መድፍ ተተኮሰ፣ ጦርነቱ ተጀመረ። አራት ዓመት ተዋጉ፤ ከ600,000 በላይ ሰው ሞተ።

አሁን ፓስፖርታችሁን አውጡ። የ1790ው ሕግ ከውጭ ለመጣ ሰው ዜግነት የሚሰጠው ነጻና ነጭ ከሆነ ብቻ ነበር። በ1857 ነጻነቱን ፈልጎ በከሰሰው ባሪያ፣ በድሬድ ስኮት ጉዳይ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘሩ ከአፍሪካ የሆነ ጥቁር፣ ባሪያም ይሁን ነጻ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ያንን ፍርድ የሻረው የጦርነቱ ውጤት ነው። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው አለ። ሆስፒታል የወለዳችኋቸው ልጆቻችሁ በዚህ ነው ዜጋ የሆኑት። በ1870 ደግሞ ኮንግረስ በሩን ለአፍሪካ ተወላጆች ከፈተ። የአፍሪካ ተወላጅ ማለት አንተ ነህ፣ ጋሼ። አንቺ ነሽ፣ እትዬ። በቦሌ መጣን እንላለን፤ የገባንበትን በር የከፈቱት ግን ሌሎች ናቸው። ከነሱም መካከል ወደ 180,000 የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ተቀብለን ስናበቃ፣ ጎረቤቶቻችንን፣ የነዚያን ወታደሮች ልጆች፣ በአማርኛ ምን ብለን ነው የምንጠራቸው? ቃሉን ታውቁታላችሁ። ስልክ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ «አይሰሙንም» ብለን የምንለው። ልጆቻችን ግን ከኋላ ወንበር ይሰማሉ። በእርግጥ ቃሉን ከአገር ቤት ይዘነው ነው የመጣነው። በእኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው፣ ከአሜሪካ 77 ዓመት ዘግይቶ። ወዳጄ በቦሌ ሲመጣ ሻንጣው ባዶ አልነበረም።

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት ላይ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከባርነት አምልጠው የመጡ ከ1,700 በላይ ሰዎች የተቀበሩበት ቦታ አለ። ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ለረጅም ዓመታት ነዳጅ ማደያ ተሠርቶበት ነበር፤ መታሰቢያው የተመረቀው በ2014 ነው። ከመካከላችን ያኔ ታክሲ ሲነዳ እዚያ ቆሞ ቤንዚን የሞላ አይጠፋም። ስማቸው አሁን ተጽፎ ይነበባል። ወዳጄን የፊታችን ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ፤ እሺ ብሏል። መኪናዬ ሰባት ሰው ይይዛል፣ አምስት ቦታ አለኝ።