እርማት፦ ብልጭታው ከድንጋዩ አይደለም

«በአፈሙዝ ለሚጎርስ ጠመንጃ የገዛሁት አዲሱ የባልጩት መተኮሻ እሳት አይጭርም፤ ድንጋዩ ደካማ ስለሆነ ሌላ ልግዛ» ላልከው ወንድሜ፣ ቆይ አንዴ። መተኮሻ ማለት ባልጩቱ ብረት መትቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥልበት የጠመንጃው ክፍል ነው። ብልጭታው ከድንጋዩ ይወጣል የሚለውን ብዙ ሰው ያምነዋል። እኔም አምኜው ስንት ባልጩት ጨርሻለሁ! የሚነደው ግን ብረቱ ነው። ስለታሙ ባልጩት ፊት ለፊቱ ያለውን ብረት ይፍቅና ደቃቅ ቅንጣት ያነሳል። ቅንጣቱ በፍትጊያው ግሎ አየር ላይ ይቀጣጠላል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ እነዚህን ፍንጣሪዎች በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ ትንንሽ የብረት እንክብሎች እንዳገኘ እ.ኤ.አ. በ1665 ጽፏል።

ስለዚህ መተኮሻ ስትመርጥ መጀመሪያ ያንን ብረት እይ። በቂ ካርቦን ያለውና በደንብ የጠነከረ መሆን አለበት። ባልጎረሰ ጠመንጃ ላይ፣ የብረቱን ጠርዝ በሞረድ ቀስ አድርገህ ሞክረው። ሞረዱ ከተንሸራተተ ጥሩ ነው። ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ እንደገና ይጠንክር ወይም ይቀየር። ላዩን ብቻ የጠነከረው ደግሞ ያታልላል። መጀመሪያ እሳቱን ያዘንበዋል፣ ስስ ቆዳው ሲያልቅ ግን ጭጭ ይላል።

«ሞላው ጠንካራ ይሁን» የሚሉህንም ብዙ አትስማ። ከልክ ያለፈ ሞላ ባልጩቱን ይሰባብረዋል እንጂ ብልጭታ አይጨምርም።

በካፕ (ሲመታ እሳት በሚሰጥ ትንሽ የብረት ቆብ) የሚተኩሰው ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም። እዚያ የምታየው መዶሻው ካፑን መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ መምታቱን ነው።

ባልጩትህን ግን አትጣለው። ጠርዙን ሳለውና በቆዳ ጠቅልለህ አጥብቀው።