ቫሪያብል ሳጥን አይደለም፣ እባካችሁ!

ሁለት ቀን ሙሉ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። ዛሬ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለጀማሪ የምታስተምሩ ሰዎች፣ «ቫሪያብል ማለት ሳጥን ነው» ማለቱን ተዉልን። ቫሪያብል ፕሮግራም ውስጥ ቁጥሩን ወይም ዝርዝሩን የምትጠራበት ቃል ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ከፍዬ የተማርኩት እሱን ነው። ሳጥን ነው፣ ዕቃ ትከትበታለህ፣ አለቀ። ቁጥር ላይ እስከሆንክ ድረስ ችግር የለውም። ሊስት፣ ማለትም ብዙ ነገር በተራ የሚይዝ ዝርዝር፣ ላይ ስትደርስ ነው ጉድ የሚፈላው።

እህቴ ጣና ዳር ዓሣ እየተረከበች ለሆቴሎች ታከፋፍላለች። ጠዋት ከአስጋሪዎቹ በዱቤ ትወስዳለች፣ ማታ ሂሳብ ትዘጋለች። ደብተሯ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ፣ የእስክሪብቶው ቀለም ይሰራጫል፣ 3 ይሁን 8 አይለይም። እኔ ልገላግልሽ አልኳት። ፓይተን የአማርኛ ስም ስለሚቀበል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ጠዋት = [12, 8, 8, 15]
ቀሪ = ጠዋት

ድምሩ 43 ኪሎ። ሆቴል በወሰደ ቁጥር ከ«ቀሪ» ላይ ሪሙቭ አደርጋለሁ (አወጣለሁ)፣ «ጠዋት» ሳይነካ ይቆያል ብዬ ነው። ያን ቀን እኔን አምና ደብተሩን ቤት ተወችው። ማታ 12 ሰዓት ላይ አስጋሪዎቹ ቆመው እየጠበቁ «ጠዋት ስንት ነበር?» ስትለኝ ከፈትኩት። ባዶ ቅንፍ። [] እሱ ብቻ። ላፕቶፑን ወደ እሷ ማዞር አቃተኝ። ሰዎቹ በቃላቸው የነገሯትን ከፈለች። አንድም የዋሸ ያለ አይመስለኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ቢዋሹስ?

ቀይ የስህተት ጽሑፍ እንኳን አልወጣም! ይሄ ነው የሚያበግነኝ። ሊስቱ ውስጥ የሌለ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) ብትጠራ ይጮሃል፣ ቅንፍ ብትረሳ ይጮሃል፣ እዚህ ላይ ግን ጭጭ።

ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ማብራሪያ ነው። ሳጥን አይደለም፣ ስም ነው። እኛ ጋ ሰው የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ሰውየው ግን አንድ ነው። ጸጉሩን ከተላጨ በየትኛውም ስም ብትጠራው ተላጭቶ ነው የሚመጣው። «ቀሪ = ጠዋት» ስል ለዚያው ሊስት ሁለተኛ ስም አወጣሁለት እንጂ ሌላ ሊስት አልሠራሁም። ሌላ ከፈለግክ «ጠዋት» ላይ ነጥብ አድርገህ ኮፒ ከነቅንፉ ትጽፋለህ። በቃ! ይቺን ለማለት ምን ይከብድ ነበር?

እሱን አስተካክዬ፣ የአስጋሪውን ስም ከኪሎው ጋር ላስገባ ብዬ ሊስት ውስጥ ሊስት ሠራሁ። ኮፒ አድርጌም ከአንዱ ኪሎ ስቀንስ «ጠዋት» ላይም ቀነሰ። ለካ ኮፒ የላይኛውን ብቻ ነው የሚገለብጠው፣ የውስጦቹ እነዚያው ናቸው። ለነሱ ዲፕኮፒ የሚባል ሌላ አለ። ይሄንንም ማንም አልነገረኝም።

ደግሞ በፎር ሉፕ (ሊስቱን አንድ በአንድ በሚያዳርሰው ትእዛዝ) እየዞርክ ከዚያው ሊስት ላይ ከ10 ኪሎ በታች ያሉትን አውጣ ብትለው ከሁለቱ 8 አንዱ ይቀራል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሲወጣ ሁለተኛው ወደ ቦታው ይጠጋል፣ ሉፑ ግን ወደፊት ሄዷልና ያልፈዋል። መደርደሪያው ሶርትም ያው ነው፣ ሊስቱን እዚያው ይደረድርና የሚመልስልህ ኖን (ባዶ፣ ምንም) ነው። መልሰህ በዚያው ስም ከያዝከው ሊስትህ ሄደ።

ክፍል ውስጥ ግን ሙሉ ሰዓት ያቃጠልነው «ሊስት ቦታውን ከዜሮ ለምን ይቆጥራል» ላይ ነው። እሱማ ምን ይከብዳል፣ ፎቅ ስንቆጥር ግራውንዱን መች አንደኛ እንለዋለን?

አሁን ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል፣ አሥር ጊዜ ፈትኜዋለሁ። እህቴ ግን ዛሬ ጠዋት ወደ ሐይቁ ስትወርድ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነው የሄደችው። እኔም ተዪው ልላት አልደፈርኩም።