መጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለችው ዋጋ

ትንንሾቹን የመጻሕፍት መደብሮች የበላቸው ኢንተርኔት ነው ሲባል እሰማለሁ። አልዋጥልህ ብሎኛል። ቢያንስ እንግሊዝ አገር ጣጣው ከኢንተርኔት በፊት ነው የጀመረው።

እዚያ ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሳታሚዎችና በሻጮች መካከል ስምምነት ነበር። አሳታሚው ከቆረጠው ዋጋ በታች መሸጥ የለም። የሰፈሩ ሱቅም ሆነ በየከተማው ቅርንጫፍ የከፈተው ትልቅ መደብር ያንኑ ልብወለድ በእኩል ዋጋ ይሸጡ ነበር ማለት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ጥለው ወጡ፤ በ1997 ደግሞ ፍርድ ቤት ስምምነቱን ሕገ ወጥ አለው። ከዚያማ ሱፐርማርኬቱ ሳይቀር ከዳቦና ከወተቱ ጎን መጽሐፍ ደርድሮ በርካሽ ይቸበችብ ገባ። ሁሉንም መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ፣ የሚቸበቸበውን ብቻ መርጦ ነው።

ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ትንሹ ሻጭ ቤት ኪራዩን የሚከፍለው ሰው ሁሉ በሚሻማባት አንዲት መጽሐፍ ነው። ያንን ማንም የማይጠይቀውን የግጥም መድበል ዓመት ሙሉ አቧራውን እያራገፈ የሚያቆየው በእሷ ትርፍ ነው። እሷን ከወሰዱበት ግጥሙም አብሮ ሄደ።

ፈረንሳዮች ነቄ ናቸው። በ1981 ጃክ ላንግ የባህል ሚኒስትር ሳሉ ሕግ አወጡ፦ ዋጋ የሚቆርጠው አሳታሚው ነው፣ ሻጩ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አይችልም። በኢንተርኔት የሚሸጡት «በነጻ እናደርሳለን» ሲሉ ደግሞ፣ ከ2023 ጀምሮ ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ትእዛዝ ቢያንስ 3 ዩሮ የማድረሻ እንዲያስከፍሉ ተደረገ።

«ታዲያ አንባቢው ለምን በውድ ይግዛ?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ቅናሽ ቢያገኝ አልጠላም። ግን ሕጉም ቢሆን ከታተመ ሁለት ዓመት ያለፈውንና ሱቁ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ የከረመውን መጽሐፍ ሻጩ እንደፈለገ እንዲቀንስ ይፈቅዳል።

የሚገርመው፣ እኛም ጋ ዋጋው መጽሐፉ ጀርባ ላይ ይታተማል። ማን ይሰማዋል እንጂ! በቀደም አንድ መጽሐፍ ገዝቼ ዋጋው ላይ የተለጠፈችውን ቁራጭ ወረቀት በጥፍሬ ብፍቃት፣ ከሥሯ የከፈልኩት ግማሽ ተጽፎ አገኘሁ። ተመልሼ ሻጩን ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ ወረቀት ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» አለኝና ሌላ ቁራጭ ወረቀት መለጠፉን ቀጠለ።